ጋሼ ይልማ የጠሩት፣ እኔ የጻፍኩት

ሰው ሰውን የሚበድለው በክፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክፉ እንዳልሆንኩ ደግሞ እተማመን ነበርና ማንንም በድያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ «ሰው አክባሪ ናት፣ ጨዋ ናት» እየተባላችሁ ያደጋችሁ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የምነግራችሁ በማክበሬ ስላጠፋሁት ሰው ነው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ስቶክሆልም ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ሱንድቢበሪ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ በየዓመቱ በሚታደስ ውል የምሠራ የዕፅዋት ባለሙያ ነበርኩ። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ፈገግታችሁ ይበዛል፣ አለቃችሁ የተናገረው ቀልድ ሁሉ ያስቃችኋል። በዚያ ዓመት ግን ቋሚ ቦታ ተከፍቶ ስለነበር፣ ከፈገግታው ልገላገል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጋሼ ይልማ የተቋማችን ጡረተኛ ፕሮፌሰር ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው በዚያው ቀርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየበጋው ወደ መስክ መውጣቱን አልተዉም። እኔ ለማስተርስ ስመጣ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው ነበሩ፤ ቤት እስካገኝም ሦስት ወር ሙሉ እነሱ ጋ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን የክረምት ጫማዬን የገዙልኝ፣ የመጀመሪያውን የስዊድንኛ ማመልከቻዬን በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልኝ፣ «ይቺ ልጅ ትችላለች» ብለው ተቋሙ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ያረፉ ቀን ከልጃቸው ከሄለን ቀጥሎ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ አይደሉም፤ አባቴን ግን እሳቸውን እንደምፈራው ፈርቼው አላውቅም። መስክ ላይ አንዲት ቡቃያ ካለፈችኝ «አንቺ፣ ዓይንሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» ይሉኝ ነበር።

መስኩ በስዊድን ሰሜን ጫፍ፣ ከኪሩና ከተማ በላይ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ነው። አንድ ኩባንያ በዶዘር ጠርጎ ከሠራበት በኋላ የተወው መንገድ አለ። እዚያ አገር የቆሰለ መሬት ቶሎ አይሽርም። ዶዘሩ ግማሽ ቀን የገፈፈውን ለመመለስ የሰው ዕድሜ አይበቃም። መጀመሪያ እንደ እከክ ያለ ስስ ጥቁር ነገር አፈሩን ይለብሰዋል። ቀጥሎ እርጥብ ድንጋይ ላይ የምናየው ለምለም ሞስ ይመጣና እርጥበት ይይዛል። ከዚያ፣ ዕድል ካለ፣ ነፋስ የአኻያ ዘር አምጥቶ ይጥልበታል። እኛ ወንዝ ዳር የምናውቀው አኻያ ዛፍ ነው፤ የዚያ አገሩ ግን አድጎ ጨርሶ ከጣት አይረዝምም፤ ቡቃያውም ከምስር ክክ ያንሳል። ከተነሡት ቡቃያዎች ደግሞ ብዙዎቹን ውርጩ ከሥር አፈሩን አንሥቶ ከነሥራቸው ይተፋቸዋል። በዓመቱ ሌሎች ይሞክራሉ። እንዲህ እየተተካኩ፣ እየሞቱና እየወደቁ ነው መሬቱን የሚመልሱት።

ኩባንያው የመንገዱን ግማሽ ከገበያ በተገዛ የሣር ዘርና በማዳበሪያ አልብሶት ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ፤ ለፎቶም ያምራል። ያኔ ወጣት ተመራማሪ የነበሩት ጋሼ ይልማ ሌላውን ግማሽ ማንም እንዳይነካው ለመኑ። «ይህ የተገዛ ሣር መሬቱን ይዘጋዋል፣ የአገሩ ተክል መግቢያ ያጣል። ባዶው ግማሽ ግን አስቀያሚ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን በአኻያ ይሞላል» አሉ። ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው። እሳቸውም ችካል ተክለው፣ መሬቱን በትናንሽ መደቦች ከፋፍለው ቆጠራ ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ቆጠሩ። እኔ ስደርስ ባዶው ግማሽ አሁንም ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ቆጠራው ሥርዓት አለው። አንዱ መደቡ ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ይንበረከካል። መደቡን በእግርም በእጅም መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ሰው የጋሼን ቁጣ ይቀምሳል። የተንበረከከው የተክሉን ስምና ቁጥር ይጠራል። ሌላው ከኋላው ቆሞ የተጠራውን ጮክ ብሎ ይመልስና ይጽፋል፤ ልክ ቅዳሴ ላይ ካህኑ ሲል ሕዝቡ እንደሚቀበለው። ሁለታችን ብቻችንን ስለምንሆን የምንጠራራው በአማርኛ ነበር። ጋሼ ድሮ ደብተር በዝናብ ስለተበላሸባቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይይዛሉ። ይህንን አውቅ ነበር። ሆኖም ቅጂውን አንድ ቀን ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል ብዬ አልጠበቅሁም።

ነገሩ የተጀመረው ከመፈንዳቱ አራት በጋ ቀድሞ ነው። ካፊያ እየጣለ፣ ትንኙ ፊታችንን እየበላን ሳለ ጋሼ ባዶው ግማሽ ላይ ተንበረከኩ።

«አኻያ፣ አሥራ አንድ» አሉ።

«አኻያ፣ አሥራ አንድ» ብዬ ተቀበልኩና በትከሻቸው አሻግሬ አየሁ።

አራት ነበር። ሰባቱ የሞስ ጫፍ ነው። እሳቸው ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ተመልሼ ሄጄ ቆጠርኩ፤ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው አራት።

«ጋሼ…» አልኩ።

«አቤት?»

የሻይ ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ባዶውን መሬት እያዩ ደስ ብሏቸዋል። አሥራ አንድ አኻያ! ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ሊመጣ ነው።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አልኳቸው።

ደብተሩ ላይ አራት ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩም አይበላሽ፣ ሰውየውም አይከፋቸው አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ በራሴ ኮርቼ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ባሰ። በሦስተኛው በጋ ችካል እየመታቸው ይሰናከሉ ጀመር። እኔ ቀድሜ ድንጋይ አነሣለሁ፣ የመደቡን ቁጥር ለራሴ የማነብ መስዬ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ ወንዝ ስንሻገር የከበደኝ መስዬ ክንዳቸውን እይዛለሁ። አኻያ አሥራ ዘጠኝ ይላሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ብዬ ተቀብዬ ሦስት እጽፋለሁ። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ስኳር ዓይን እንደሚበላም አውቃለሁ። «ልጃቸው ታየው የለ፣ እኔ ማን ነኝ?» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ሄለን ግን የምትኖረው በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኖርስቦሪ ነው፤ ልጆቿን ይዛ የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። እቤታቸው ደግሞ እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው ስለሚያውቁት ምንም አይታወቅባቸውም።

አራተኛው በጋ አለፈ። የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ የክፍላችን ኃላፊ ኡልሪካ ጠራችኝ። ኡልሪካ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ በሩን ስትዘጋ ነው ነገር እንዳለ የሚታወቀው። በሩን ዘጋችው።

«ይልማ ደብዳቤ ጽፎልኛል» አለችኝ በስዊድንኛ። «የመጨረሻውን ጽሑፉን ለማዘጋጀት ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት አድርጎ ሲሰማ፣ እሱ ከሚያስታውሰው ጋር አልገጠመም። የድምፅ ቅጂዎቹን አውጥቶ አዳመጠ። የአራት ዓመት ቁጥር በሙሉ ተለውጧል ይላል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሆን ብለሽ ያደረግሽው ነው ይላል። ሐሳቡ እንዲወድቅና መስኩን እንድትወርሺ።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ነገ ጠዋት እሱም ልጁም ይመጣሉ። ቅጂው በአማርኛ ስለሆነ ልጁ ትተረጉምልኛለች። ሰብለ፣ ቁጥር መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የቋሚው ቦታ ነገር ያበቃል፤ ውሉም አይታደስም፤ ከዚያ በኋላ ስሜን የሰማ ሁሉ ደብተሬን በጥርጣሬ ነው የሚገልጠው። ለመዳን ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሼ ይልማ አያዩም ማለት። ሄዶ መቁጠር አይቻልም። የየዓመቱን ቡቃያ ውርጩ ተፍቶታል፣ በየበጋው መደቦቹን ከላይ የምናነሣው ፎቶም ሞስን ከአኻያ አይለይም። ከእሳቸው ቃልና ከኔ ቃል በቀር ምንም የለም።

ካፖርቴን በቅጡ ሳልቆልፍ ወጥቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ላይ ጭቃ ሆኗል። ሕንፃው በር ላይ ቆሜ ደወሉን ተጫንኩ።

«ማን ልበል?» አሉ ግድግዳው ላይ ባለው መነጋገሪያ።

«ሰብለ ነኝ፣ ጋሼ። እባክዎ ይክፈቱልኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«የሥራ ነገር በሥራ ቦታ ያልቃል» አሉ። «ነገ እንገናኛለን።»

«ጋሼ፣ እንደሚያስቡት አይደለም።»

«የማስበውን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ? ሰባት ዓመት እጄ ላይ አሳደግሁሽ። እንዲህ ታደርጊኛለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሂጂ በቃ፣ ይበርድሻል።»

ይበርድሻል ማለታቸው አንጀቴን በላው። እዚያው ቆሜ፣ ማንም በሌለበት፣ ፊት ለፊት እንኳ ሳንተያይ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ታሟል፣ ሐኪም ይዩ» ብል ምን ነበረበት? ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ደወሉ ላይ ጣቴን አሳርፌ ሳልጫን ቆየሁ። ከዚያ እንደታዘዝኩት ሄድኩ። እኔ ታዛዥ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት አራታችን አንድ ጠባብ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ጋሼ ሱፍ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው መጥተዋል። ሄለን አጠገባቸው ናት፤ አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እኔን አላየችኝም፤ ማለቴ ሆን ብላ አላየችኝም።

መቅጃው ተከፈተ። ነፋስ፣ የትንኝ ጥዝዝታ፣ ከዚያ የጋሼ ድምፅ። «አኻያ፣ አሥራ ዘጠኝ።» ቀጥሎ የኔ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ደስ ደስ እያለው፦ «አኻያ፣ አሥራ ዘጠኝ።» ሄለን ተረጎመች። ኡልሪካ ደብተሩን ገለጠችው። ሦስት ይላል፣ በኔ ጽሕፈት።

«የሰማነው ድምፅ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጽሕፈቱስ?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?»

ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር። ሥራዬን አጥቼ፣ እሳቸው ከነክብራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ይህን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት፣ ሲነጋ ላደርገው ወስኜ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ግን ጋሼ ለኡልሪካ በስዊድንኛ «ሌባ ቤቴ አስገብቼ ነበር» አሏት። ሌባ የሚለውን ቃል ስሰማ ውስጤ የነበረችው ጨዋ ልጅ የት እንደገባች አላውቅም።

«የጻፍኩት ነው እውነቱ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ሌላ ትናገሪ ነበር?» አለች ኡልሪካ። ግራ ገብቷታል። ይሉኝታን ለስዊድን ሰው ከየት ጀምሬ ላስረዳት? ፊቴን ወደ ጋሼ አዞርኩ፤ በአማርኛ ነው የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አያዩም።»

«ምን አልሽ?»

«ቡቃያውን አያዩትም። ሞሱን ነው አኻያ የሚሉት። አራት ዓመት ሆነዎት።»

ኡልሪካ ወደ ሄለን ዞራ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ሄለን አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «አባቴ ማየት አይችልም ነው የምትለው» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ጋሼ ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ነኝ የማላየው? መሬት እንዴት እንደሚታይ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?» አሉኝ። ወዲያው በስዊድንኛ «ምድር ቤት እንውረድ» አሉ። «ከመስኩ የመጣው አፈር ትሪ ላይ ተነስንሶ እየበቀለ ነው አይደል? እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ እናንተ ቁጠሩት። ከዚያ ማን እንደሚያይ ይታያል።»

ማንም አላስገደዳቸውም። ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት ከሆነ ፍረዱብኝ።

ምድር ቤቱ ውስጥ መብራት የሚበራለት የማብቀያ ክፍል አለን። በመጸው ከመስኩ ያመጣነው አፈር በትሪዎች ላይ ተደርድሮ፣ ውስጡ የተኛው ዘር ምን ምን እንደሆነ እንዲወጣ እናጠጣዋለን። የየትሪው ቆጠራ ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቶ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ኡልሪካ ወረቀቱን ነቅላ በእጇ ያዘች። ለእኔ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ።

ጋሼ በመጀመሪያው ትሪ ላይ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው፣ ፊታቸውን አፈሩን እስኪነካ አቀረቡ።

«አኻያ፣ ዘጠኝ» አሉ፣ ያው እንደ ድሮው በአማርኛ።

ሁለት ነበር። በዓይኔ እያየሁት ነው።

«አኻያ፣ ዘጠኝ» አልኩ። ዘጠኝ ብዬም ጻፍኩ። በአራት ዓመት ውስጥ የጠሩትን እንደጠሩት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ኡልሪካ የጻፍኩትን ከያዘችው ወረቀት ጋር አስተያየች። ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም፤ እኔም ድኛለሁ።

ጋሼ ግን እየተደሰቱ ወደሚቀጥለው ትሪ አለፉ። ጠርዙ ላይ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ነው። ቀይ ፕላስተር ያለበት ትሪ ምን እንደሆነ እዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከነፋስ የሚገባ ዘር እንዳለና እንደሌለ ለማወቅ የሚቀመጥ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ዘሩ ሁሉ የሞተ አፈር ነው። ምንም አይበቅልበትም። በላዩ ላይ ጥቂት ነጫጭ ጠጠር ብቻ ነበር።

ጋሼ ጎንበስ አሉ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው» ማለት እችል ነበር። በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፤ ከሄለን በቀር የሚሰማኝ የለም። የእኔ ጉዳይ አልቋል፤ ስሜ ነጽቷል። ይህን ብል የሚጎድልብኝ አንዳች ነገር አልነበረም። አፌን ከፈትኩ። «ሌባ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁት።

«አኻያ» አሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን ከአፈሩ በላይ እያንቀሳቀሱ። «አንድ፣ ሁለት… አኻያ፣ አምስት። ይሄ ደግሞ… ስድስት። ስድስት በይ።»

«አኻያ፣ ስድስት» አልኩ፤ ጻፍኩም።

ክፍሉ ውስጥ የመብራቱ ጥዝዝታ ብቻ ይሰማል። ሄለን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ጋሼ ቀና ብለው በየተራ ወደ ሁላችንም ዞሩ። ፊታችንን ባያዩም ዝምታው ገብቷቸዋል።

«ስንት ነው?» አሉ በስዊድንኛ። «ኡልሪካ፣ ወረቀቱ ስንት ይላል?»

ኡልሪካ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አባዬ» አለች ሄለን። የቀረውን በስዊድንኛ ጨረሰችው። «ምንም የለበትም። ባዶ ነው።»

ጋሼ ይልማ ትሪው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መደብ የነካን ሰው ሲቆጡ የኖሩት ሰው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አፈሩን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ሁለት ጊዜ። አንዷን ጠጠር በጣታቸው አንሥተው አሻሿት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በከረቫታቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ካፖርቴን ስጪኝ» አሏት ሄለንን። እኔን አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።

ኡልሪካ በዚያው ሳምንት ውሳኔዋን ነገረችኝ። የአራቱ በጋ ቁጥር ከመዝገብ ወጣ፤ ጠሪው የማያይ፣ ጸሐፊዋ ሌላ የምትል ሌላ የምትጽፍ የሆነችበትን ቆጠራ ማንም አያምነውም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እኔ ግን ከሥራ አልወጣሁም። ከወራት በኋላ ቋሚውን ቦታም ሰጡኝ፤ መስኩን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። ወረስኩት ማለት ነው፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት።

በአሥረኛው ቀን ሄለን ደወለችልኝ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበሩ።

«ስኳሩ ነው» አለችኝ በስዊድንኛ። «ዓይኑ ውስጥ ደም ሲፈስ፣ ሲያብጥ፣ ሲጠባበስ ኖሯል። አሁን የተበላሸውን መመለስ አይቻልም፤ የቀረውን ለማቆየት ይሞክራሉ። መጀመሪያ ሲጀምረው ቢመጣ መርፌ ነበረው አሉ። ብዙው ይድን ነበር አሉ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አራት… አራት በጋ አልፏል።»

«አራት ዓመት?» አለች። ከዚያ ከተዋወቅን ጀምሮ ሰምቼባት በማላውቀው፣ በተሰባበረ አማርኛ «ለምን ለእኔ አልነገርሽ?» አለችኝና ዘጋችው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተረቱ የሌላውን በሽታ ስለሸሸገው ሰው ምንም አይልም። ጋሼ አልሸሸጉም፤ አያውቁም ነበር። ደህና የሚያዩ መስሏቸው የኖሩት እኔ ከፊታቸው ድንጋይ ስለማነሣ፣ ቁጥር ስለማነብላቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ሲሉ አሥራ ዘጠኝ ስለምላቸው ነው። አንድ ጊዜ ድንጋዩን ትቼላቸው ቢሰናከሉ፣ አንድ ጊዜ «አይ፣ አራት ነው» ብዬ ቢጣሉኝ፣ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ነበር።

ያኔ ዝም ያልኩት ለእሳቸው ክብር ይመስለኝ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ያ ቀይ ፕላስተር ያለበት ትሪ ላይ ዝም ስል ነው ራሴን ያወቅሁት። አራት ዓመት ዝም ያልኩት እንዳይቆጡኝ ነው፤ በአምስተኛው ዝም ያልኩት እንዲዋረዱልኝ ነው። ሁለቱም ዝምታ የኔው ጥቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ጥሩ ልብስ ለብሶ ስለመጣ ብቻ አክብሮት አልኩት። እናንተም ቤት፣ እናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ካለ፣ ልብሱን ገልጣችሁ እዩት። ማንን ነው የምታድኑት? ሰውየውን ነው ወይስ ከሰውየው ቁጣ ራሳችሁን? እኔ ይህን ጥያቄ በጊዜው አልጠየቅሁም፤ አሁን ብጠይቀው ለማንም አይጠቅም።

ባለፈው በጋ ከአዲስ ረዳት ጋር መስኩ ላይ ነበርኩ። ሁለት ሞቃታማ ዓመታት ተከታትለው ነበርና ባዶው ግማሽ ባዶ አልነበረም። የተዘራው ሣር ያለበት ወገን እንደ አሮጌ ፍራሽ ደርቆ ተጋድሟል፤ በሌላው ወገን፣ ሞሱ መካከል፣ አኻያው በየመደቡ ተነሥቷል። ያለፈው ዓመትም ውርጩን ችሎ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው መደብ ላይ ተንበርክኬ ቆጠርኩ። ረዳቴም ቆጠረ። ሃያ ሁለት። ደግመን ቆጠርን፤ ሃያ ሁለት። ጋሼ ይልማ ትክክል ነበሩ።

ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩላቸው። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ስልኬን አንሥተው አያውቁም። ማን እንደሚደውል ስለማያዩ ይሁን ወይ ሌላ፣ በዚያን ቀን አነሡት።

«ጋሼ፣ ሰብለ ነኝ። ከመስኩ ነው የምደውለው።» እንባዬ ቀደመኝ። «አኻያው መጣ። በመጀመሪያው መደብ ብቻ ሃያ ሁለት ነው። የእርስዎ ግማሽ ሞልቷል፣ እንዳሉት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።»

ነፋሱ በኔም ዘንድ፣ በስልኩ በእሳቸውም ጆሮ ይነፍሳል።

«እንዴት አድርጌ ልመንሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟቸው ነበር። «እንደዚሁ ጥርት ባለ ድምፅ አሥራ ዘጠኝ ትዪኝ ነበር። ዛሬ ምን ጻፍሽ?»

«ሃያ ሁለት፣ ጋሼ። ሃያ ሁለት ነው የጻፍኩት።»

«እሺ» አሉኝ፣ ልጅን ለማባበል እንደሚባለው። «እሺ በቃ። ሃያ ሁለት።»